ከረብሻ መካከል የልብን ምት መለየት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የኤሌክትሪክ ሙያና የሕክምና ሙያ ከሚገናኙባቸው ስፍራዎች ሁሉ እጅግ ጠባቡና ጥንቃቄ የሚጠይቀው፣ በበሽተኛው ደረት ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ኤሌክትሮድና የልቡን ሁኔታ በሚያሳየው መስኮት መካከል ያለው መንገድ ነው። በዚህ መንገድ የሚጓዘው የልብ ምልክት በጣም ደካማ ሲሆን፣ አብሮት የሚጓዘው ረብሻ ግን ብዙና ልዩ ልዩ ነው። ረብሻ ሲባል በዚህ ንግግር በጆሮ የሚሰማ ጫጫታ ማለት አይደለም፤ ከልብ ያልመነጨ፣ ነገር ግን ከልብ የመጣ መስሎ በመሣሪያው ላይ የሚጻፍ ማናቸውም የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ማለት ነው። የንግግሩም ዓላማ ይህ ረብሻ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ዘዴ እንደሚጣራ፣ ማጣራቱም በበኩሉ ምን ዓይነት አደጋ እንደሚያስከትል ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ አለመሆኑን ለመገንዘብ፣ ብራድሊ ናይትና የሥራ ባልደረቦቹ በ1999 ዓ.ም. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ያወጡትን ዘገባ መመልከት ይበቃል። ዘገባው የሚናገረው ስለ 12 በሽተኞች ነው። በእነዚህ ሰዎች የልብ ሥዕል ላይ የታየው ረብሻ፣ ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሣ አደገኛ የምት ፍጥነት ነው ተብሎ በሐኪሞች ተተረጐመ። ከዚህም የተነሣ አንዳንዶቹ ሳያስፈልጋቸው በደም ሥራቸው በኩል እስከ ልባቸው ቀጭን ቱቦ ገብቶ ተመረመሩ፤ መድኃኒት የተሰጣቸው፣ ደረታቸውም በቡጢ የተመታ ነበሩ፤ ለአንዱ ደግሞ ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስተካክል መሣሪያ በሰውነቱ ውስጥ ተቀበረለት። የታየው የምት መዛባት ግን ከቶ አልነበረም። የነበረው ረብሻ ብቻ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ጉዳትም ከዚህ አያንስም። በአሜሪካ የሆስፒታሎችን ብቃት የሚመሰክረው ጆይንት ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድረስ ከማስጠንቀቂያ ደወሎች ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች እንደ ደረሱትና ከእነዚህም 80ዎቹ በሞት እንደ ተፈጸሙ ገልጿል። ከሚጮኹት ደወሎች ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ምንም የሕክምና እርምጃ የማይጠይቁ መሆናቸውንም ይኸው ሰነድ ያመለክታል። ቀኑን ሙሉ በከንቱ ሲጮኽ የዋለ ደወል፣ በእውነት በጮኸ ጊዜ ሰሚ ያጣል። እንግዲህ የማጣሪያ ጉድለት በሁለት በኩል ይገድላል ማለት ነው፤ የሌለውን በሽታ በማሳየትና ያለውን በሽታ የሚሰማ ጆሮ በማሳጣት።

ሀ. የምልክቱ ጠባይ

ልብ በመታች ቍጥር የጡንቻዋ የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፤ ይህም ለውጥ በሰውነት ውስጥ አልፎ እስከ ቆዳ ይደርሳል። የሆላንዱ ሳይንቲስት ቪለም አይንትሆቨን በ1895 ዓ.ም. ለዚህ ሞገድ ልዩ ልዩ ክፍሎች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስና ቲ የሚሉትን ስሞች ሰጣቸው። ፒ የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መነቃቃት ነው። ኪው-አር-ኤስ በአንድነት የታችኛዎቹ ኃይለኛ ክፍሎች መነቃቃት ሲሆን፣ ቲ ደግሞ እነዚሁ ክፍሎች ወደ ዕረፍታቸው የሚመለሱበት ነው። የልብን ምት ለመቍጠር የሚፈለገው ኪው-አር-ኤስ የተባለው ሹል ሞገድ ነው፤ ምክንያቱም ከሌሎቹ ይልቅ ቁመቱ ረዥም፣ ዕድሜው አጭር ነውና። በጤነኛ ሰው ከ0.06 እስከ 0.10 ሴኮንድ ያህል ይቈያል።

ቁመቱ ረዥም ነው ቢባልም ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ነው እንጂ፣ በቆዳ ላይ ሲለካ 1 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። በሆስፒታሉ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው የመብራት ኃይል 220 ቮልት ከሆነ፣ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ያለው ኃይል ከሚፈለገው ምልክት 220,000 ጊዜ ይበልጣል። አይንትሆቨን ይህን ደካማ ምልክት ለመያዝ በሌይደን ከተማ የሠራው መሣሪያ፣ በኃይለኛ ማግኔቶች መካከል የተወጠረ በብር የተለበጠ ቀጭን የኳርትዝ ክር ነበረው። ክብደቱ 270 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን የሚያንቀሳቅሱትም አምስት ሰዎች ነበሩ። በሽተኛው እጆቹንና እግሩን የጨው ውሃ በያዙ ማሰሮዎች ውስጥ ይነክር ነበር። መሣሪያውን ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝ ስለማይቻልም፣ በ1905 ዓ.ም. ምልክቱን 1.5 ኪሎ ሜትር በሚርቅ የስልክ ሽቦ ወደ ቤተ ሙከራው አስተላለፈ። ለዚህ ሥራው በ1924 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ያ ሁሉ ብረትና ያ ሁሉ ድካም የዋለው ለዚህች አንዲት ሚሊቮልት ነበር።

ለ. ረብሻው ከየት ይመጣል?

ረብሻን ሳያውቁ ማጣሪያ መሥራት፣ የሚለየውን እህል ሳያውቁ ወንፊት እንደ መግዛት ያለ ነው። ዋና ዋናዎቹ የረብሻ ዓይነቶች አራት ናቸው።

አንደኛው የመብራት ኃይል ረብሻ ነው። የበሽተኛው አካልና የኤሌክትሮዶቹ ሽቦዎች በአካባቢው ካሉ የኤሌክትሪክ መሥመሮች ጋር ሳይነካኩ ስለሚገናኙ፣ በሥዕሉ ላይ የተስተካከለ ጥርስ የመሰለ መንቀጥቀጥ ይታያል። ይህ ረብሻ በአንድ ድግግሞሽ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ ለማጣራት ቀላል ነው። ነገር ግን ድግግሞሹ በሁሉም አገር አንድ አይደለም። በኢትዮጵያና በአውሮፓ 50 ሄርዝ ሲሆን በአሜሪካ 60 ሄርዝ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ቀላል ሒሳብ አለ። በ1/60ኛ ሴኮንድ ውስጥ የተለኩትን ናሙናዎች ደምሮ አማካያቸውን የሚወስድ ማጣሪያ፣ የ60 ሄርዙ ሞገድ ሙሉ ዙር ስለሚጨርስ ላዩና ታቹ ተጣፍተው ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። ይኸው ማጣሪያ ሳይስተካከል 50 ሄርዝ ባለበት አገር ቢሠራበት ግን፣ ዙሩ ስለማይሞላ ከረብሻው አንድ አምስተኛ የሚጠጋው ይቀራል። በአንድ ድግግሞሽ ላይ ብቻ ጠበብ ብሎ የሚቈርጥ ማጣሪያ ቢሆንማ ከሞላ ጐደል ሁሉንም ያሳልፈዋል። ከውጭ የመጣን መሣሪያ ከሣጥኑ አውጥቶ ሥራ ላይ ከማዋል አስቀድሞ የድግግሞሹን መምረጫ መመልከት፣ ትንሽ ቢመስልም የባለሙያ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው የመነሻ መሥመሩ መዋዠቅ ነው። በሽተኛው ሲተነፍስ ደረቱ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ሥዕሉም አብሮ ይነሣል፣ ይወድቃል። ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳልና የዚህ ረብሻ ድግግሞሽ ከ0.2 እስከ 0.33 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ማለትም ከልብ ምት በጣም የዘገየ ነው።

ሦስተኛው የሌሎች ጡንቻዎች ኤሌክትሪክ ነው። ልብ ጡንቻ እንደ ሆነች ሁሉ ክንድም ደረትም ጡንቻ አላቸው። የበረደው፣ የፈራ ወይም ተጨንቆ የተኛ ሰው ጡንቻው ሲርገበገብ፣ ሥዕሉ ጥቅጥቅ ባለ ሣር ይሸፈናል። ይህ ረብሻ በአብዛኛው ከፍ ባለ ድግግሞሽ ላይ የሚገኝ ነው። ሆኖም በፓርኪንሰን በሽታ የተያዘ ሰው እጅ የሚንቀጠቀጠው በሴኮንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ነው፤ ይህም የፈጠነ የልብ ምትን በእጅጉ ይመስላል።

አራተኛውና ከሁሉም የከፋው የኤሌክትሮዱ መንቀሳቀስ ነው። በሽተኛው ሲገላበጥ ወይም ሲሄድ ከኤሌክትሮዱ ሥር ያለው ቆዳ ይለጠጣል፤ በዚህም ጊዜ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ቅርጹም ድግግሞሹም ኪው-አር-ኤስን ሊመስል ይችላል። ሙዲ፣ ማልድሮውና ማርክ በ1984 ዓ.ም. ባቀረቡት የረብሻ መፈተኛ ዘዴ ውስጥ የመሥመር መዋዠቅን፣ የጡንቻንና የኤሌክትሮድን ረብሻ ለይተው የመዘገቡ ሲሆን፣ ከሦስቱ አስቸጋሪው ይህ መሆኑ ይታወቃል። በድግግሞሽ የሚለይ ማጣሪያ ሌባውን የሚለየው በልብሱ ነው፤ ሌባው የባለቤቱን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ግን በሩን ይከፍትለታል።

ሐ. የ1985ቱ ዘዴ

በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጂያፑ ፓንና ዊሊስ ቶምፕኪንስ በ1985 ዓ.ም. ያሳተሙት ዘዴ፣ ይህን ሁሉ ችግር በአንድ ሰንሰለት ለመፍታት ከተደረጉት ሙከራዎች በጣም የታወቀው ነው። ብዙ አዳዲስ ዘዴዎች ከተፈለሰፉ በኋላም ዛሬ ድረስ ማስተማሪያና ማነጻጸሪያ ሆኖ ይገኛል። የሚያስደንቀው ደግሞ የተሠራበት መሣሪያ ትንሽነት ነው። ዜድ-80 የተባለው ባለ 8 ቢት ማይክሮፕሮሴሰር በየሴኮንዱ 200 ናሙና እየተቀበለ፣ ሒሳቡን በሙሉ ቍጥሮች ብቻ እየሠራ፣ ምቱን በሰዓቱ ይለይ ነበር።

ሰንሰለቱ አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ከ5 ሄርዝ በታችና ከ15 ሄርዝ በላይ ያለው ሁሉ እንዲቀር ይታሰባል። ሒሳቡ በሙሉ ቍጥሮች እንዲሠራ ሲባል በተግባር የሚያልፈው ከ5 እስከ 12 ሄርዝ ገደማ ያለው ነው። በዚህ ጊዜ የትንፋሹ መዋዠቅ ከታች፣ የመብራት ኃይሉና አብዛኛው የጡንቻ ረብሻ ከላይ ተቈርጠው ይወድቃሉ።

በሁለተኛው ደረጃ የሞገዱ ዳገትና ቍልቍለት ይለካል። ቲ ሞገድ ቁመቱ ቢረዝምም አወጣጡ እንደ ኮረብታ ዝግ ያለ ነው፤ ኪው-አር-ኤስ ግን እንደ ገደል ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ቁመትን ትቶ የዳገቱን ፍጥነት መለካት ሁለቱን ይለያያል።

በሦስተኛው ደረጃ እያንዳንዱ ቍጥር በራሱ ይባዛል። ከዜሮ በታች ያለው ሁሉ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ ትልቁም ከትንሹ ይበልጥ ይርቃል። ለምሳሌ 10ና 2 የነበሩት 100ና 4 ይሆናሉ፤ አምስት እጥፍ የነበረው ልዩነት ሃያ አምስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

በአራተኛው ደረጃ 30 ናሙና፣ ማለትም 0.15 ሴኮንድ የሚሰፋ መስኮት በምልክቱ ላይ እየተንቀሳቀሰ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይደምራል። መስኮቱ ከዚህ ቢሰፋ ኪው-አር-ኤስና ቲ ተቀላቅለው አንድ ይሆናሉ፤ ቢጠብ ደግሞ አንዱ ምት ሁለትና ሦስት ሆኖ ይቈጠራል። በመጨረሻ የሚወጣው፣ ለአንድ የልብ ምት አንድ ክብ ጕብታ ነው።

መ. ደፉን የት ማቆም ይገባል?

ጕብታው ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ፣ የትኛው ጕብታ ምት፣ የትኛውስ ረብሻ ነው የሚለው ነው። ለዚህ እንደ በር ደፍ ያለ ወሰን ያስፈልጋል፤ ደፉን የተሻገረ ምት ይባላል፣ ያልተሻገረ ረብሻ ይባላል። ነገር ግን ደፉ በአንድ ስፍራ ቢተከል፣ በሽተኛው ጐኑን ሲለውጥና ምልክቱ ሲያንስ ምቶቹ ሁሉ ከደፉ በታች ይቀራሉ፤ ደወሉም ልብ ቆመች ብሎ ይጮኻል።

ስለዚህ ፓንና ቶምፕኪንስ ደፉን ተንቀሳቃሽ አደረጉት። ዘዴው ሁለት ግምቶችን ይይዛል፤ የምቶችን የተለመደ ቁመትና የረብሻን የተለመደ ቁመት። አዲስ ጕብታ በመጣ ቍጥር ከአሮጌው ግምት ሰባት ስምንተኛው፣ ከአዲሱ አንድ ስምንተኛው ይወሰዳል። ስምንት የተመረጠበት ምክንያት ለኢንጂኒየር ግልጽ ነው፤ ለስምንት ማካፈል በማይክሮፕሮሴሰር ውስጥ ቍጥሩን ሦስት ቦታ ወደ ቀኝ ማንሸራተት ብቻ ነውና። ደፉ የሚቆመው ከረብሻው ቁመት ተነሥቶ ወደ ምቱ ቁመት በሚወስደው መንገድ ሩብ ላይ ነው። ረብሻው 100፣ ምቱ 900 ከሆነ ደፉ 300 ይሆናል። ምቱ ወደ 500 ቢወርድ ደፉም ተከትሎ ወደ 200 ይወርዳል።

ከዚህ ሌላ ዘዴው ስለ ልብ ጠባይ የሚያውቃቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የታችኛው የልብ ክፍል አንድ ጊዜ ከተነቃቃ በኋላ በ0.2 ሴኮንድ ውስጥ እንደገና ሊነቃቃ አይችልም፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚታይ ማናቸውም ጕብታ አይቈጠርም። ሁለተኛ፣ ጕብታው የመጣው ከቀደመው ምት በኋላ 0.36 ሴኮንድ ሳይሞላ ከሆነና ዳገቱ ከቀደመው ምት ዳገት ግማሽ ካነሰ፣ ቲ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሦስተኛ፣ ከተለመደው የምት ርቀት 166 በመቶ የሚሆን ጊዜ ያለ ምት ካለፈ፣ አንድ ምት ሳይታይ አምልጦ ይሆናል በሚል ደፉን በግማሽ ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈልጋል። ይህ የመጨረሻው የጥሩ ሐኪም ጠባይ ነው፤ ያጣውን ነገር የለም ከማለቱ በፊት አንድ ጊዜ ዞሮ ይመለከታል።

ሠ. የፈተናው ውጤትና ትርጕሙ

ይህን የመሰሉ ዘዴዎች የሚፈተኑበት ታላቅ መዝገብ፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በቦስተን የሚገኘው የቤት እስራኤል ሆስፒታል በ1980 ዓ.ም. ያወጡት ነው። ከ1975 እስከ 1979 ዓ.ም. ከ47 ሰዎች የተወሰዱና እያንዳንዳቸው የግማሽ ሰዓት ርዝመት ያላቸው 48 ምዝግቦች ይገኙበታል። እያንዳንዱን ምት ሁለት የልብ ሐኪሞች በየግላቸው መርምረው ስም ሰጥተውታል። መዝገቡ በከፊል በ1999፣ በሙሉ ደግሞ በ2005 ዓ.ም. በፊዚዮኔት አማካይነት ለሁሉም በነፃ ተለቋል። ይህም በማናቸውም አገር ያለ ተማሪ፣ በሽተኛም ሆስፒታልም ሳያስፈልገው፣ የራሱን ማጣሪያ ከታላላቆቹ ጋር በእኩል መስፈሪያ ለመለካት እንዲችል አድርጎታል።

የ1985ቱ ዘዴ በዚህ መዝገብ ላይ 99.3 በመቶ የሚሆኑትን ምቶች በትክክል ለይቷል። ከ116,137 ምቶች መካከል 507 ጊዜ ምት በሌለበት ምት አለ ሲል፣ 277 ጊዜ ደግሞ ያለውን ምት አልፏል። ውጤቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ቍጥሩ እንደገና ሊታሰብ ይገባዋል። በደቂቃ 70 ጊዜ የምትመታ ልብ በቀን 100,800 ጊዜ ትመታለች፤ የስህተቱ መጠን በዚሁ ቢቀጥል በቀን 680 ያህል ስህተት ይኖራል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ስህተቱ በሁሉ ላይ እኩል የሚከፋፈል አይደለም። ጸጥ ብሎ ለተኛ ጤነኛ ሰው ዘዴው ከሞላ ጐደል አይሳሳትም። በመዝገቡ ውስጥ ቍጥር 108 በተባለው ምዝግብ ላይ ግን፣ የፒ ሞገዶቹ ባልተለመደ ሁኔታ ረዣዥምና ሹል በመሆናቸው ምት እየመሰሉ አስቸግረዋል። ማጣሪያው ይበልጥ የሚሳሳተው ይበልጥ በታመመውና ይበልጥ በሚንቀጠቀጠው ሰው ላይ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ይበልጥ በሚያስፈልገው ሰው ላይ ማለት ነው። አማካይ ቍጥር ይህን ይሸፍናል።

ረ. ማጣራት የሚያጠፋው ነገር

እንክርዳዱን ለመንቀል የቸኰለ ገበሬ ስንዴውንም አብሮ ይነቅላል። ከ5 እስከ 12 ሄርዝ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ምትን ለመቍጠር ተስማሚ ነው፤ በሽታን ለመመርመር ግን ፈጽሞ አይሆንም። በኪው-አር-ኤስና በቲ መካከል ያለው ዝግ ያለ መሥመር ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ፣ የልብ ጡንቻ ደም ማጣቱን ለሐኪሙ የሚነግር ዋና ምልክት ነው። የትንፋሽን መዋዠቅ ለማስወገድ ሲባል ከ0.5 ሄርዝ በታች ያለውን በተራ ማጣሪያ መቍረጥ ይህን መሥመር ያጣምመዋል፤ የሌለ በሽታ ሊያሳይ፣ ያለውንም ሊደብቅ ይችላል። ለምርመራ የሚሆን ሥዕል ወደ ታች እስከ 0.05 ሄርዝ እንዲደርስ የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ላይ ደግሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበርና ተባባሪዎቹ በ2007 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ፣ ለአዋቂዎች ቢያንስ 150 ሄርዝ፣ ለሕፃናት 250 ሄርዝ እንዲያልፍ አሳስበዋል። በ40 ሄርዝ ላይ የሚቈርጠው የመቈጣጠሪያ ማጣሪያ ሥዕሉን ንጹሕ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን የአርን ጫፍ ያሳጥራል፣ ጥቃቅን ስንጥቆችንም ይደመስሳል።

ንጹሕ ሥዕል ሁልጊዜ እውነተኛ ሥዕል አይደለም። የማጣሪያውን ወሰን የሚወስነው ኢንጂኒየር፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ሐኪሙ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ እየወሰነ ነው።

ሰ. ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ማጣሪያ እጅ ነው። ቆዳው በሚገባ ተጠርጎ፣ ኤሌክትሮዱ ሳይደርቅ ተለጥፎ፣ ሽቦዎቹ አንድ ላይ ተጠቅልለው፣ የመሬቱ መሥመር ተመርምሮ፣ የበረደው በሽተኛ ብርድ ልብስ ተደርቦለት ከሆነ፣ ለሒሳቡ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። በደረት ላይ ያልተስተካከለውን ኮምፒዩተር አያስተካክለውም።

ሁለተኛ፣ ለመቍጠር የሚጣራው ምልክትና ለማየት የሚቀርበው ምልክት መንገዳቸው ይለያይ። ያልተጣራው ምልክት ይቀመጥ እንጂ አይጣል። የተጣለው ተመልሶ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ምልክቱ በረብሻ በተዋጠ ጊዜ መሣሪያው ገምቶ ከመናገር ይልቅ ምልክቱ የማይታመን መሆኑን ይናገር። አላውቅም ማለት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያም ታላቅ ጥበብ ነው።

አራተኛ፣ አንዱ ምስክር በሌላው ይጣራ። የልብ ኤሌክትሪክ ጥፋት ሲያሳይ፣ በጣት ላይ የተደረገው መሣሪያ የደሙን ሞገድ ሳይዛባ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። ፊዚዮኔት በ2014ና በ2015 ዓ.ም. ለተመራማሪዎች ያቀረባቸው የውድድር ጥያቄዎች በዚሁ አሳብ ላይ የተመሠረቱ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ምትን ከልዩ ልዩ ምልክቶች አጣምሮ ስለ መለየት፣ ሁለተኛው የሐሰት ደወልን ስለ መቀነስ።

አምስተኛ፣ ማናቸውም አዲስ ዘዴ በንጹሕ ምልክት ላይ ብቻ ተፈትኖ አይመስገን። ረብሻ ሆን ተብሎ ይጨመርበት፤ በየትኛው መጠን ላይ እንደሚወድቅም ይነገር። ድልድይ የሚፈተነው በባዶው አይደለም።

ክቡራትና ክቡራን፤

የአይንትሆቨን መሣሪያ አምስት ሰዎች ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ሥራ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ሰዓት ይሠራዋል። ማሽኑ አነሰ፤ የልብ ምልክት ግን ያው 1 ሚሊቮልት ነው፤ የሰውም ጡንቻ እንደ ጥንቱ ይንቀጠቀጣል። ሌሊት በአንድ የሆስፒታል ክፍል ደወል ሲጮኽ፣ ነርሷ ሮጣ ትሂድ ወይስ ሌላውን በሽተኛ መርዳቷን ትቀጥል የሚለውን አስቀድሞ የወሰነው፣ ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሩቅ ከተማ፣ ደፉን ሩብ ላይ ያቆመው ባለሙያ ነው። ይህን ማሰብ የሙያውን ክብርም ኃላፊነቱንም ያስታውሳል።